ንቅሳት ምንድን ነው?

በእናቶቻችን ግንባር ላይ ያለውን መስቀልና በአንገታቸው ዙሪያ እንደ ድሪ የተደረደረውን መስመር እያየን ያደግን ብዙዎች ነን። አንዳንድ ወጣቶች ግን ኦሪት ዘሌዋውያን 19፡28ን እየጠቀሱ እናቶቻቸውን ሲወቅሱ ይሰማል። ከመፍረዳችን በፊት ነገሩን እንወቅ።

ሀ. ትርጉሙ
ንቅሳት ቆዳን ወግቶ ቀለም ማስገባት ነው። የላይኛው ቆዳ በየጊዜው ይታደሳል፤ ቀለሙ ግን ከሥሩ ባለው ክፍል ስለሚቀመጥ ዕድሜ ልክ ይኖራል።

ለ. ታሪኩ
እ.ኤ.አ. በ1991 በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ በተገኘ፣ ከ5,000 ዓመታት በፊት በሞተ ሰው ገላ ላይ 61 ንቅሳቶች ተቆጥረዋል። በግብፅ ብዙ ክርስቲያኖች በቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ መስቀል ይነቀሳሉ። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን መንቀሻ እ.ኤ.አ. በ1891 በኒውዮርክ ያስመዘገበው ሳሙኤል ኦራይሊ ነው።

ሐ. በአገራችን
በሰሜኑ ክፍል ነቃሿ ጥቀርሻን ከቅጠል ጭማቂ ጋር ለውሳ በእሾህ ወይም በመርፌ ትወጋለች። ድድ የሚነቀሰው ጥርስ ነጥቶ እንዲታይ ነው። ወደ እኛው ደቡብ ምዕራብ ስንመለስ፣ ከሚዛን ተፈሪ ባሻገር በቆላው የሚኖሩት የሱርማ ሰዎች ያለ ቀለም ያጌጣሉ። ቆዳውን በእሾህ ሳብ አድርገው በምላጭ ይቆርጡታል፤ ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ከፍ ብሎ ይታያል።

መ. ከዚህ ምን እንማራለን?
የኦሪቱ ቃል ስለ ሙታን ሰውነትን ከመቁረጥ ጋር አብሮ የተነገረ ነው። እናቶቻችን ግንባራቸውን የተነቀሱት ግን ለሙት ሳይሆን ክርስቲያንነታቸውን ለመግለጥ ነው። ስለዚህ ልናፍርባቸው አይገባም። የእናቱን ንቅሳት የሚያከብር ሰው ደግሞ በገበያ ባገኘው ሱርማ ጠባሳ አይሳለቅም፤ ሁለቱም የወገንና የጌጥ ምልክቶች ናቸውና።

ማክበር ግን ጉዳቱን አይቶ ዝም ማለት አይደለም። አንዱ መርፌ ወይም ምላጭ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ያስተላልፋል። ነፍስ ያላወቀች ሕፃን ይዞ መንቀስም፣ የማይፋቅ ነገር ያለ ፈቃዷ በገላዋ ላይ መጻፍ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. እናታችሁ ወይም አያታችሁ መቼና ለምን ተነቀሱ? ጠይቃችሁ ለጓደኞቻችሁ ንገሩ።
2. ባህልን እያከበርን ጉዳቱን እንዴት እናስቀር?