ፍግና የፋብሪካ ተረፍ በአንድ ጋን

ጠላ የጠነሰሰ ሰው ሁሉ በጋኑ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ሕያዋን እንደሚሠሩ ከሚፈላው አረፋ ይረዳል። ባዮጋዝም ከዚህ የራቀ አይደለም። እበትና ሌላም የሚበሰብስ ነገር አየር በማይገባበት ጋን ተዘግቶ ሲሞቅ ረቂቅ ሕያዋን በመጀመሪያ ወደ አሲድ፥ በመጨረሻም ሜቴን ወደሚባል የሚነድ ጋዝ ይለውጡታል።

ነገር ግን ከጋጣ የሚታጠበው ፈሳሽ ፍግ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ብቻውን ሲሆን ጋዙ ጥቂት ነው። የቄራ ሞራ በአንጻሩ ብዙ ጋዝ ይሰጣል፤ ሆኖም ብቻውን ሲበዛ አሲድ ሠሪዎቹ ይፈጥናሉ፥ ሜቴን ሠሪዎቹ ይዘገያሉ፥ ጋኑም ኮምጥጦ ሥራው ይቆማል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ፍጉ ኮምጣጣነቱን ያበርዳል፥ ለረቂቅ ሕያዋኑም ማዕድን ይሰጣል፤ ሞራው ጋዙን ያበዛል። የሚመረጠውም መጠን ለ1 እጅ ናይትሮጂን ከ20 እስከ 30 እጅ ካርቦን ነው።

ይህንን በሰፊው በሥራ ያዋለችው ዴንማርክ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1973ቱ የነዳጅ ችግር በኋላ ሌላ ኃይል መፈለግ ጀመረች። በ1990 በሪቤ ከተማ የገበሬዎች ፍግና የቄራ ተረፍ አብሮ የሚብላላበት ጣቢያ ተከፈተ። በ2015 በሶልሮድ የተመረቀው ደግሞ ፍግን ከፔክቲን ፋብሪካ የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ ተረፍ፥ እንዲሁም ማዕበል ወደ ዳር ከሚተፋው የባሕር አረም ጋር ያዋሕዳል። ናይትሮጂኑ ከጋዙ ጋር ስለማይሄድ፥ ገበሬው አተላውን መልሶ ለማሳው ማዳበሪያ ያደርገዋል።

እኛስ? ኩበት በምድጃ ሲነድ ናይትሮጂኑ ከጢሱ ጋር ይጠፋል፤ ለማሳው የሚተርፈው አመድ ብቻ ነው። የቡና ማጠቢያ እጣቢም በየወንዙ ሲፈስ ውሃውን ያበላሻል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በየቤቱ እበት ላይ የቆመ ነበር፤ እበቱንና የቡናውን ልጣጭ ማገናኘት ግን ሁለቱንም ጉዳት በአንድ ጊዜ ይቀንሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አተላው ወደ እህል ማሳ ስለሚመለስ፥ ክሮም ያለበት የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ ከዚህ ጋን መግባት የለበትም። ከቄራ የሚመጣውም በሽታ እንዳያዛምት አስቀድሞ ይሞቃል፤ የአውሮፓ ሕግ ለብዙው የቄራ ተረፍ 70 ዲግሪ ለ1 ሰዓት ያዛል።

እንግዲህ የጋኑ ነገር የኬሚስትሪ ብቻ አይደለም። ገበሬው፥ ፋብሪካውና ማዘጋጃ ቤቱ ማን ምን እንደሚያመጣ፥ ማንስ አተላውን እንደሚወስድ አስቀድመው ካልተዋዋሉ ጋኑ ባዶውን ይቀራል።