የኮራል ገንዳ መብራት፦ ወጪው በካርቶኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ አያበቃም

መብራት የሚገዛ ሸማች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነጻጽረው የመሸጫ ዋጋን ነው። የመሸጫ ዋጋ ግን የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ኮራል በቤታቸው የሚያረቡ ሰዎች ይህን በሚገባ ያውቁታል። መብራቱን ሲመርጥ የተሳሳተ ሰው የሚከስረው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን በገንዳው ውስጥ ያለውን ሕይወት ጭምር ነውና።

ኮራል በቀይ ባሕር፣ በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ጭምር፣ የሚገኝ እንስሳ ነው። በሞቃትና ጥልቀት በሌለው ውኃ የሚኖሩት ብዙዎቹ ዝርያዎች በሰውነታቸው ውስጥ ደቃቅ አልጌዎችን ያስጠልላሉ። አልጌዎቹ በብርሃን ኃይል ምግብ ይሠሩና ለኮራሉ ያካፍላሉ። ስለዚህ በኮራል ገንዳ ውስጥ መብራት ጌጥ ሳይሆን ቀለብ ነው።

የዚህ ቀለብ መጠን በዋትም ሆነ በሉመን አይለካም። ዋት የሚነግረን የሚበላውን ኤሌክትሪክ ነው፤ ሉመን ደግሞ የተቀመረው ለሰው ዓይን ነው። ለአልጌ የሚጠቅመው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ሲሆን፣ መለኪያው «ፓር» ይባላል። በአርቢዎች ልምድ ለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 150፣ እንደ አክሮፖራ ያሉት ቅርንጫፋም ጠንካራ ኮራሎች ደግሞ ከ200 እስከ 350 ማይክሮሞል በካሬ ሜትር በሴኮንድ ይበቃቸዋል። ሰማያዊ ብርሃን ውኃን ዘልቆ ስለሚሄድና ለአልጌውም ስለሚስማማ፣ የኮራል መብራቶች ወደ ሰማያዊ ያደላሉ።

ለምርጫ የሚቀርቡት ሦስት ዓይነት መብራቶች ናቸው፦ ሜታል ሃላይድ፣ «ቲ 5» የተባለው ቀጭን ፍሎረሰንትና ኤልኢዲ። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ ገንዳ ለምሳሌ እንውሰድ። በሁለት ባለ 250 ዋት ሜታል ሃላይድ፣ በአራት ባለ 54 ዋት ቲ 5 ወይም በ180 ዋት ኤልኢዲ ሊበራ ይችላል። መብራቱ በቀን 9 ሰዓት ቢሠራ፣ የመጀመሪያው በዓመት 1,642፣ ሁለተኛው 710፣ ሦስተኛው 591 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 30 የዩሮ ሳንቲም ነው ብንል፣ የዓመቱ ሒሳብ እንደ ቅደም ተከተላቸው 493፣ 213 እና 177 ዩሮ ይሆናል።

በሜታል ሃላይድና በኤልኢዲ መካከል ያለው ልዩነት 316 ዩሮ ያህል ነው። ኤልኢዲው ሲገዛ በ632 ዩሮ ቢበልጥ እንኳ ትርፍ ወጪው በሁለት ዓመት ይመለሳል ማለት ነው። የሜታል ሃላይድ ሙቀት ውኃውን ስለሚያግል፣ በሞቃት አገር የማቀዝቀዣ ወጪም ይታከልበታል። ቲ 5ን ከኤልኢዲ ጋር ስናነጻጽር ግን የኤሌክትሪኩ ልዩነት 36 ዩሮ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሚዛኑን የሚያዛባው በየዓመቱ ገደማ የሚለወጡት አራት አምፖሎች ዋጋ ነው። አምፖሎቹ ለዓይን ደህና እየበሩ ለአልጌው የሚሆነው ብርሃን እየቀነሰ ይሄዳልና። በሌላ በኩል ቲ 5 ብርሃኑን ያለ ጥላ በእኩል ያዳርሳል፤ ኤልኢዲ በቁጥር ካነሰ በቅርንጫፎቹ ሥር ጨለማ ይተዋል። ቲ 5 የሚመርጥ ሰው ግን የአቅርቦቱን ነገር ማሰብ ይኖርበታል። በአውሮፓ ኅብረት ለተራ ብርሃን የሚያገለግሉት የቲ 5 አምፖሎች በያዙት ሜርኩሪ ምክንያት ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ እንዳይቀርቡ ተደርጓልና።

ከሁሉ የሚከፋው ኪሳራ የሚመጣው «ብርቱ መብራት ይሻላል» ከሚል ግምት ነው። ደካማ መብራት የለመደ ኮራል በአንድ ቀን ብርቱ ኤልኢዲ ቢበራበት አልጌዎቹን አስወጥቶ ይነጣል፤ ቶሎ ካላገገመም ይሞታል። በቁጠባ ስም የተገዛ መብራት ለዓመታት ያደገ ኮራል ከገደለ፣ ነገሩ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይሆናል። አዲስ መብራት ከሙሉ ኃይሉ ዝቅ ተደርጎ ይጀመራል፤ ከዚያ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ ይደረጋል።

በመሆኑም ገዢው ከዋጋው በፊት የሚያረባውን የኮራል ዓይነትና የገንዳውን ጥልቀት ይወስን። ቀጥሎም ሻጩን ስለ ዋት ሳይሆን በገንዳው ወለል ላይ ስለሚደርሰው የፓር መጠን ይጠይቀው። በመጨረሻ የመሸጫውን ዋጋ፣ የኤሌክትሪኩንና የአምፖል መለወጫውን ወጪ ለአምስት ዓመት ደምሮ ያወዳድር። በካርቶኑ ላይ ርካሽ የነበረው መብራት በዚህ ድምር ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።