ጥሪ የሚውጥ ቻናል፦ የገቢ ትራንክ መስመር ብልሽትና ፍተሻው

ሁለት የስልክ ማዕከላትን የሚያገናኝ ትራንክ መስመር ገቢ ወይም ወጪ የሚባለው ከአንደኛው ማዕከል አንጻር ታይቶ ነው። ነጻውን መስመር መርጦ የሚይዘው ጥሪው የሚነሣበት ማዕከል ሲሆን፣ ተቀባዩ መስመሩ መያዙን የሚያውቀው በሚደርሰው ምልክት ነው። የገቢ ትራንክን ፍተሻ የሚያከብደው ይኸው የሥራ ክፍፍል ነው፤ ብልሽቱ በተቀባዩ ዘንድ ቢሆንም ምርጫው በላኪው እጅ ነው።

ኢ-ዋን የተባለው ዲጂታል መስመር ለአብነት ይወሰድ። በሰከንድ 2.048 ሜጋቢት የሚያስተላልፈው ይህ መስመር በ32 የጊዜ ክፍሎች የተከፈለ ነው። አንዱ ለማመሳሰያ፣ ሌላው በተለምዶ ለምልክት ልውውጥ ይውላል፤ 30ዎቹ ድምፅ ይሸከማሉ። ገመዱ ቢቆረጥ ማንቂያው ወዲያው ይነሣል። ከ30ዎቹ አንዱ ብቻ ድምፅ ማሳለፉን ቢያቆም ግን ማንቂያው ዝም ሊል ይችላል፤ የሚጠብቀው የመስመሩን አጠቃላይ ደኅንነት ነውና።

የእንዲህ ያለው ቻናል ጉዳት ከድርሻው እጅግ ይበልጣል። ደዋዩ ጸጥታ ሲገጥመው ይዘጋል፤ ቻናሉም ተለቆ ለሌላ ጥሪ ይቀርባል። አንድ ጥሪ በአማካይ 3 ደቂቃ ይቆያል ቢባል፣ ጤናማ ቻናል በሰዓት የሚያስተናግደው ቢበዛ 20 ያህል ነው። የተበላሸው እያንዳንዱን በ10 ሰከንድ ቢሸኝ እስከ 360 ሊውጥ ይችላል። ምርጫው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ቻናል የሚነሣ ሆኖ ብልሽቱም እዚያው ከሆነ፣ ጥሪ በሚሳሳበት ሰዓት ጭምር ደጋግሞ የሚደውለው ሰው እዚያው ላይ ይወድቃል። የጥሪ ብዛት ብቻ የሚቆጥር ሪፖርት ይህን ቻናል ከሁሉ የተጋ አስመስሎ ማቅረቡ አያስገርምም። የሚያጋልጠው የእያንዳንዱ ቻናል አማካይ የቆይታ ጊዜ ነው።

የተጠረጠረውን ቻናል ለማረጋገጥ ተራ የሙከራ ጥሪ አይበቃም፤ በየትኛው ቻናል እንደሚያልፍ አይታወቅምና። ከላኪው ማዕከል ቻናሉ በቁጥሩ ተለይቶ ይያዛል፤ በተቀባዩ ዘንድ በራሱ ወደሚመልስ የፍተሻ ቁጥርም ይደወላል። ከዚያ የሚላከው የ1020 ሄርዝ ድምፅ ምን ያህል ተዳክሞ እንደደረሰ ይለካል፤ ቀጥሎም ድምፁ ጠፍቶ ጫጫታው ይለካል። የላኩትን መልሶ የሚያመጣው የሉፕባክ ፍተሻ የቢቶቹን ጉዞ ቢያሳይም የጥሪ ምልክቶቹን አሠራር አይመረምርም።

ብልሽቱ ከተረጋገጠ ተቀባዩ ቻናሉን በራሱ በኩል ብቻ መዝጋቱ አይጠቅምም፤ ላኪው ካላወቀ መምረጡን ይቀጥላል። በሲግናሊንግ ሲስተም ቁጥር 7 የማገጃ መልእክት ይላካል፤ ማረጋገጫውም ይጠበቃል። ቻናሉ ከታገደ በኋላም የፍተሻ ጥሪ ማሳለፍ ስለሚፈቀድለት፣ ጥገናው መሥራቱ ለደንበኛ ከመከፈቱ በፊት ሊመረመር ይችላል።