የመስቀል ወፍ በሚያዝያ

ከሐይቅ ከተማ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚወስደውን መንገድ ይዘው፣ ውሃው ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አዛውንቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ወፍ ፎቶ አንስተዋል። ወጣቱ ደሴ ውስጥ ሰርግ እያነሳ የሚተዳደር፣ ልቡ ግን ዱር ውስጥ ያለ ልጅ ነው። ሁለቱም ከሞት ደጃፍ የተመለሱ ናቸው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ላስቸግርዎት ነው የመጣሁት።

አዛውንቱ፦ አብሽር፣ ተቀመጥ። ከስተሃል።

ወጣቱ፦ የሳንባ ነቀርሳ ነበረብኝ። ስድስት ወር መድኃኒት ዋጥኩ፤ ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ ከዚያ አራት ወር ሁለት ዓይነት። «ድነሃል» ተብዬ ተሰናበትኩ። ግን ካሜራ ይዤ ዳገት ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ ይላል። ድሮ በሌሊት ተነስቼ አምባሰል ላይ የምወጣ ሰው ነበርኩ። አሁን ካሜራውን ልሸጠው ነው።

አዛውንቱ፦ ዋጋ አስገምተሃል?

ወጣቱ፦ ኧረ አላስገመትኩም።

አዛውንቱ፦ እንግዲያው ልብህ አልሸጠውም። የትንፋሹን ነገር ለሐኪም ንገር፤ ሳንባ ከዳነ በኋላም ጠባሳ ሊቀርበት ይችላል፣ መታየት አለበት። እኔ የማውቀው የፎቶውን ነው። በል መጀመሪያ ቡና ቅዳ፤ ፔርሙሱ ያውና።

ወጣቱ፦ ስኒው አንድ ነው፣ ጋሼ። ሰው ሻይ ቤት እንኳ ከጎኔ ይነሳል።

አዛውንቱ፦ ባለማወቅ ነው። ይህ በሽታ መድኃኒቱ በሥርዓት ከተጀመረ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከአብዛኛው ሰው አይተላለፍም፤ አንተ ደግሞ ጨርሰሃል። ጠጣና ስኒውን ለኔ መልስ።

ወጣቱ፦ እርስዎስ እንዴት ተመለሱ?

አዛውንቱ፦ ስትሮክ የመታኝ የዛሬ አራት ዓመት ነው፤ ቀኝ ጎኔን። ግፊት እንዳለብኝ እያወቅሁ፣ ደህና ነኝ ብዬ ክኒኑን ተውኩት። ጥፋቱ የራሴ ነው። የካሜራ መጫኛው ደግሞ በቀኝ እጅ በኩል ነው። እጄ አልታዘዝ ሲለኝ እኔም እንዳንተ በቃኝ ብዬ ነበር። ልጄ በየቀኑ አጥሩ ሥር ወንበር ታወጣልኝና ስቀመጥ እውላለሁ። ሚያዝያ ነበር። ድንቢጥ የምታህል ቡናማ ወፍ መሬት ለመሬት ፍሬ ትለቅማለች። ምንም የምታምር አልነበረችም፤ ምንቃሯ ብቻ ቀይ ነበር። ሌላ የማየው ስለሌለኝ እሷን አያለሁ። ሰኔ ሲገባ እዚህም እዚያም ጥቁር ላባ ጣል ጣል አደረገባት። ሐምሌ ላይ ጅራቱ ወጣ፤ ከአካሉ ይበልጥ የረዘመ! ወንድ ኖሯል፣ ለካ የመስቀል ወፍ ነው።

ወጣቱ፦ የመስቀል ወፍ ለመስቀል ብቻ ከሌላ አገር የሚመጣ አይደለም እንዴ?

አዛውንቱ፦ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት ወፍ ሳሳድድ። የመስቀል ወፍ የምንላቸው ከአንድ ዓይነት በላይ ናቸው፤ የብዙዎቹ ወንድ ግን ጠባዩ ይኸው ነው። በክረምት ለሴቷ ብሎ ይዋባል፣ በጋ ሲገባ ላባውን ጥሎ እሷን ይመስላል። ዓመቱን ሙሉ ደጃችን ነበር፤ እኛ ነን ያላየነው። ያን አንድ ወፍ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት በግራ እጄ አነሳሁት። ከፎቶዎቼ ሁሉ የምወደው እሱን ነው፤ ጤነኛ ብሆን ኖሮ አላነሳውም ነበር።

ወጣቱ፦ በግራ እጅ እንዴት?

አዛውንቱ፦ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስሬ በገመድ መጫኛ። እዚህ ስመጣ ደግሞ ይኸውልህ፣ ከረጢት ሙሉ አተር። ድንጋዩ ላይ ታደርገዋለህ፣ ሌንሱን ትጭንበታለህ፣ አተሩ ራሱ አቅፎ ይይዘዋል። ያንተ ሌንስ ስንት ነው?

ወጣቱ፦ ባለ 300።

አዛውንቱ፦ ባለ 300 ሌንስ ፍጥነቱ ከ1/300 አይውረድ ይባላል። እሱ ለጤነኛ እጅ ነው። አንተ ወደ 1/1000 ውሰደው፤ ብርሃን ካነሰህ አይኤስኦውን ጨምር። የሻከረ ፎቶ ቢያንስ ይታያል፣ የተንቀጠቀጠ ግን ምንም አያድነውም። ደግሞ እዚህ ዳር ጠዋት አትምጣ። ከከተማው በኩል ያለው ዳር ምዕራብ ነው፤ ፀሐይ በሐይቁ ማዶ ስትወጣ ፊት ለፊትህ ናት፣ ወፉ ሁሉ ጥላ ይሆንብሃል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን ከጀርባህ ትሆናለች። ጠዋት ተኛ፤ ለሳንባህም ይበጃል። ዝም በል! ያን አየኸው?

ወጣቱ፦ ጥቁርና ነጩን? አየር ላይ ቆሟል።

አዛውንቱ፦ ዓሣ አጥማጁ ነው። ክንፉ ይርገበገባል፣ ጭንቅላቱን ግን ተመልከት፤ በምስማር የተመታ ይመስላል። ዓይኑ ላይ አነጣጥር። ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት ካለው ወንድ ነው፤ የሴቷ አንድ ነው፣ እሱም መሃል ላይ የተቆረጠ። ተወረወረ! አትከተለው። ዓሣ ይዞ ከሆነ እዚያ እንጨት ላይ ተመልሶ ደብድቦ ነው የሚውጠው። እንጨቱ ላይ አስተካክለህ ጠብቅ።

ወጣቱ፦ መጣ! ... ያዝኩት መሰለኝ፣ ጋሼ።

አዛውንቱ፦ ዳገት ወጣህ?

ወጣቱ፦ አልወጣሁም። አምባሰል ግን ይቅር ማለት ነው?

አዛውንቱ፦ አምባሰልን እኔ ከግርጌው ነው የማየው። አናቱ ላይ ዳግመኛ አልወጣም፤ ሳስበው ይከፋኛል፣ አልዋሽህም። አንተ ግን ልጅ ነህ፣ ቀስ እያልክ ትወጣለህ። በጨለማ መውጣቱን ተወው፤ ትልልቆቹ ጥንብ አንሳዎች መሬቱ ሞቆ አየሩ ሽቅብ እስኪነሳ አይንሳፈፉም፣ ረፋድ አራት ሰዓት ይበቃሃል። አጥንት ከሰማይ ጥሎ የሚሰብረውን አሞራ ከፈለግህ ደግሞ ገደሉን ሁሉ አትዙር። መጣያ አድርጎ የለመደው አለት አለው፣ ወደዚያው ይመላለሳል። ነጫጭ የአጥንት ስብርባሪ የተበተነበትን አለት ካገኘህ ራቅ ብለህ ተቀመጥ። ጎጆ ያለበት ግን ድርሽ አትበል።

ወጣቱ፦ ፎቶውን ምን ላድርገው? ለሰርግ እንጂ ለወፍ የሚከፍል የለም።

አዛውንቱ፦ ቀኑንና ቦታውን ጻፍበት። ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ባለበት አገር፣ የትኛው ወፍ በየትኛው ወር የት እንደታየ የሚመዘግብ ሰው ጥቂት ነው። ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ዳክዬዎች እዚህ ውሃ ላይ ሲያርፉ ቀኑን የያዘ ፎቶ ካለህ ማስረጃ ነው። ዳሩ ታርሶ ቄጠማው ሲያልቅ፣ ምን እንደነበረ የሚናገር ሌላ ምን ይኖራል? እኔ አራት ደብተር ሞልቻለሁ። አምስተኛውን የሚይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ቀኝ እጄ ጽሕፈት እምቢ ብሎኛል።

ወጣቱ፦ እኔ እይዘዋለሁ። ነገ ልምጣ?

አዛውንቱ፦ ነገ አትምጣ፣ እረፍ። ሐሙስ የግፊት ቀጠሮ አለኝ። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት እዚሁ ነኝ፤ ስኒ እንዳታመጣ፣ ይህ ይበቃናል።