ሳይጠየቅ የሚደረግ ፈውስ

«ጥንቆላ» ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው ገንዘብ ተቀብሎ ለብቻው የሚሠራ ሰው ነው። ዊካ የተባለው አዲስ እምነት ግን በማኅበርም የሚፈጸም ነው። ጄራልድ ጋርድነር የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ አሳወቀው፤ የእንግሊዝ የጥንቆላ ሕግ በ1951 ተሽሮ ነበርና።

ሰው ሲታመምባቸው ከዳር እስከ ዳር 9 ጫማ በሆነ ክብ ውስጥ ይቆማሉ። የሕመምተኛውን ስም እየጠሩ ያዜማሉ፤ እየዞሩም ይጨፍራሉ። ከሁሉም የሚወጣው ኃይል እንደ መሶብ ክዳን ወደ ላይ እየሾለ ይሰበሰባል ይላሉ። መሪዋ ምልክት ስትሰጥ ሁሉም ባንድ ጊዜ ወደ ሕመምተኛው ይለቁታል። የተረፈውን፣ መዳፋቸውን መሬት ላይ አሳርፈው ለምድር ይመልሳሉ። ከዚያ ኬክና ወይን ይካፈላሉ (ማኅበር ያለ ማዕድ የትም የለም!)።

ይህ ኃይል ስለ መኖሩ ማስረጃ የለም። ሕመምተኛውም በዚህ ተማምኖ ሐኪም ቢተው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል፤ ከእነርሱ ብዙዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ወደ ሐኪም ይልኩታል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው፤ ብዙዎቹ ሕመምተኛውን ሳያስፈቅዱ ሥርዓቱን አይጀምሩም። ለበጎ ቢሆንም በሰው ፈቃድ ላይ መሠልጠን በደል ነው ይላሉ። እኛስ የሕሙማንን ስም በጉባኤ ስናነብ፣ ሕመሙ እንዲታወቅበት መፍቀዱን ማን ጠየቀው?

ራሱን ስቶ ስለ ተኛ ሰው ግን እርስ በርሳቸው አይስማሙም። አንዳንዶቹ «ቢፈልግ ይውሰደው፣ ባይፈልግ ይለፈው» ብለው ያደርጋሉ፤ ሌሎቹ እስኪነቃ ይጠብቃሉ።