ማስረጃ ምንድን ነው? «እሱ ነው» ከማለታችን በፊት

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ትምህርት «ማስረጃ» ስለሚባለው ቃል ነው። ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን በሰፈር ስንናገረውና በፍርድ ቤት ሲነገር አንድ አይደለም።

መጀመሪያ ቃሉን እንየው። «ማስረጃ» የመጣው «አስረዳ» ከሚለው ግስ ነው። ስለዚህ ማስረጃ ማለት ነገሩን ላላየ ሰው የሚያስረዳ ማለት ነው። ዳኛ በጉ ሲጠፋ በቦታው አልነበረም፤ እንዲያውቅ የግድ የሚያስረዳው ነገር ያስፈልጋል።

በዕለት ተዕለት ንግግር ማስረጃ ሲባል ብዙ ጊዜ ወረቀት ነው የሚታየን። «የትምህርት ማስረጃህን አምጣ» ይባላል። ወላጆቻችን የመሬት ደብተራቸውን ሳጥን ውስጥ ቆልፈው የሚያስቀምጡት ለምን ይመስላችኋል? ድንበር ሲገፋ የሚያስረዳላቸው እሱ ስለሆነ ነው። በክልላችን ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ ስለሚኖር ለእናቶቻችንም ማስረጃ ነው። ብድርም እንዲሁ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ላይ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለዚህ ነው።

በሕግ ግን ማስረጃ ወረቀት ብቻ አይደለም። በምሳሌ እናስረዳ። የአንድ ሰው በግ ማታ ከበረት ጠፋ እንበል።

1ኛ. የሰው ማስረጃ፦ «ሲወስደው በዓይኔ አይቻለሁ» የሚል ምስክር ነው። «ወሰደው ሲሉ ሰማሁ» የሚለው ግን የሰሚ ሰሚ ስለሆነ ክብደት የለውም።
2ኛ. የሰነድ ማስረጃ፦ ውል፣ ደረሰኝ፣ ደብዳቤ የመሳሰሉት ናቸው።
3ኛ. ኤግዚቢት፦ የሚታይ የሚዳሰስ ዕቃ ነው። ለምሳሌ ጆሮው ላይ የባለቤቱ ምልክት ያለበት የበጉ ቆዳ።

ቆዳው አንድ ሰው አጥር ላይ ተሰጥቶ ቢገኝስ? አለቀ ማለት ነው? አይደለም! ሰውየው ቆዳውን ከገበያ ገዝቶት ሊሆን ይችላል። በረቱ አጠገብ የጅብ ዱካ ካለም ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ማስረጃ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ሁልጊዜ ብቻውን አይበቃም።

በድሮ ጊዜ በአገራችን «ሌባ ሻይ» የሚባል ነገር ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይሰጠውና ራሱን ሳያውቅ ይሄዳል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍል ነበር። እስቲ አስቡት፣ የሰከረ ልጅ ምን ያስረዳል? ስንት ንጹሕ ሰው ከፍሎ ይሆን?

አሁን ሕጋችን ሌላ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 19 ደግሞ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ይላል። ምክንያቱም ሰው ዱላ ሲበዛበት ያላደረገውንም «አድርጌያለሁ» ይላል።

ይህ ለፍርድ ቤት ብቻ ነው እንዳትሉ። በክፍላችን የአንዲት ልጅ ኮምፓስ ጠፍቶ፣ አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ «ሌባ» ተባለ። ማስረጃው ምን ነበር? አጠገቧ መቀመጡ ብቻ! ከአራት ቀን በኋላ ኮምፓሱ ቤቷ ተገኘ። ልጁ ግን በእነዚያ ቀናት በእረፍት ሰዓት ብቻውን ነበር የሚቆመው። ኮምፓሱ ተመለሰ፤ ስሙን ግን እስካሁን በቀልድ የሚያነሱበት አሉ። ዕቃ ቢጠፋ ይገዛል፣ ስም ከየት ይገዛል?

ስለዚህ ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ በደንብ እንፈልግ። ቀጥሎ «ማን አየ? ምን አየ?» ብለን እንጠይቅ። የተጠረጠረውንም ልጅ ቃሉን እንስማው። ካላወቅን ደግሞ «አላወቅንም» እንበል፤ ነውር የለውም።

የመልመጃ ጥያቄዎች፦
ሀ. «ሌሊት ውሻ ጮኸ፤ ስለዚህ ሌባ ገብቷል።» ይህ በቂ ማስረጃ ነው? ለምን?
ለ. የዓይን ምስክርና የሰሚ ሰሚ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልሳችሁን ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ስጡ፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ቸር ይግጠመን!

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል