አውሮፕላን በመኪና ሲጫን

አውሮፕላን በሰማይ ይበራል እንጂ በመኪና ተጭኖ ይሄዳል ወይ? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። አዎን፣ ይሄዳል። ትንሽ አውሮፕላን ሞተሩ ሲበላሽ፣ ሜዳ ላይ ተገዶ ሲያርፍ ወይም ትልቅ ጥገና ሲያስፈልገው በመኪና ይጫናል። ዛሬ ይህ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ እንማራለን።

ሴስና 172 የሚባለውን፣ አራት ሰው የሚይዘውን አውሮፕላን እንውሰድ። ባዶውን ወደ 750 ኪሎ ይመዝናል። ይህ ለጭነት መኪና ምንም አይደለም። ችግሩ ስፋቱ ነው። ከአንዱ ክንፍ ጫፍ እስከ ሌላው 11 ሜትር ነው። የጅራቱ አግድም ክንፍ እንኳ ከ3 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ክንፎቹም ጅራቱም ካልተፈቱ በመንገድ አያልፍም።

ሌላም ችግር አለ። አውሮፕላን እንዳይከብድ ተብሎ ልባሱ ከስስ አሉሚኒየም ይሠራል። በአየር ላይ ብርቱ ነው። በጭነት ላይ ግን እንደ ጋን ነው። ጋን ወደ ገበያ ሲጫን ገለባ ይጎዘጎዝለታል፤ አንዱ ከሌላው እንዳይነካካም ይለያያል። አውሮፕላንም እንደዚሁ ነው።

ሥራው በተራ እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ቤንዚኑ ይቀዳል። በዚህ አውሮፕላን ቤንዚኑ ያለው በክንፎቹ ውስጥ ነውና እሳትና ሲጋራ አይቀርብም። ባትሪውም ይፈታል።

ሁለተኛ፣ ሥራውን የተማረ መካኒክ ክንፎቹን ይፈታል። ረዳቶቹ ክንፉን ደግፈው ይይዛሉ። ቡሎኖቹ በከረጢት ይገባሉ፤ በላዩም «የቀኝ ክንፍ፣ የፊት ቡሎን» ተብሎ ይጻፍበታል። ያለ ጽሑፍ ቡሎን ከቡሎን ይደባለቃል። ፊደል ማወቅ እዚህም ሕይወት ያድናል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ክንፎቹ በፊተኛው ጠርዛቸው ቆመው፣ ስፖንጅ በለበሰ የእንጨት መደገፊያ ላይ ይቀመጣሉ።

አራተኛ፣ የቀረው አካል በመኪናው ላይ ይታሰራል። ለጎማዎቹ ታኮ ይደረጋል። ገመድ በስሱ ልባስ ላይ አይጠመጠምም፤ ጠንካራው ቦታ ተፈልጎ ይታሰራል። በክንፉና በጅራቱ ላይ የሚንቀሳቀሱት ክፍሎች ነፋስ እንዳያማታቸው ይቆለፋሉ።

አምስተኛ፣ ሹፌሩ በዝግታ ይነዳል። ጥቂት እንደሄደም ቆሞ ማሰሪያውን ያያል። ገመድ በመንገድ ይላላልና።

አውሮፕላኑ ደርሶ ቶሎ ካልተገጠመ በመጋዘን ይቀመጣል። ታዲያ አይጥና ተርብ ጠላቶቹ ናቸው። ከግራ ክንፉ ሥር አንዲት ቀጭን ቱቦ አለች። አየር እየተቀበለች ፍጥነቱን ለአብራሪው የምታስታውቀው እርሷ ናትና ክዳን ይደረግላታል። በ1988 ዓ.ም. በዶሚኒካን ሪፐብሊክ አንድ ትልቅ አውሮፕላን እንደተነሣ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች አለቁ። ለቀናት ቆሞ ሳለ እንዲህ ያለችው ቱቦ አልተሸፈነችም ነበር። መርማሪዎች ቱቦዋን የደፈናት የተርብ ጭቃ ሳይሆን አይቀርም አሉ። መለኪያው የተሳሳተ ፍጥነት ስላሳየ አብራሪዎቹ ግራ ተጋቡ።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይኸውና። ጋን ሲሰነጠቅ ውኃ አፍስሶ ያስታውቃል። የአውሮፕላን ስብራት ግን ከልባሱ ሥር ይደበቃል። ስለዚህ በመንገድ ክንፉ ቢጋጭ ሹፌሩ «ደመወዜ ይቆረጥብኛል» ብሎ መደበቅ የለበትም። የት፣ መቼና ምኑ እንደተመታ ጽፎ ለመካኒኩ ይስጥ። መካኒኩም መርምሮና ጠግኖ በአውሮፕላኑ መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ይፈርማልም። ያለዚያ መብረር የለም። መኪና ቢበላሽ ዳር ይዞ ይቆማል። በሰማይ ግን ዳር የለም።

ጥያቄዎች

1. ክንፎቹ የሚፈቱት ለምንድን ነው?
2. በቡሎኑ ከረጢት ላይ ምን ይጻፋል? ባይጻፍስ ምን ይሆናል?
3. በእናንተ ሥራ ተደብቆ የሚቆይ፣ በኋላ ግን ጉዳት የሚያመጣ ምን ስብራት አለ? ተወያዩበት።